ምዕራፍ 7፦ የወጣውን መተካት

በየጤና ኬላው ስለ ተቅማጥ የሚለጠፉትን ሥዕሎች ልብ ብሎ ያየ ሰው በአብዛኞቹ ላይ የሚያገኘው ሕፃን ያቀፈች እናት ነው። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ተቅማጥ በየዓመቱ ከ440 ሺህ በላይ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ይገድላል። ዘመቻውም፣ የዚንክ እንክብሉም፣ ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የጀመረችው የሮታ ቫይረስ ክትባትም ለእነሱ የታሰበ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ሆዱ ሲበላሽ ግን ግድግዳው ላይ እሱን የሚመስል ሥዕል የለም።

ቤተሰቡም ግራ ይገባዋል። ልጁ ለመታቀፍ ትልቅ፣ ራሱን ለማስታመም ትንሽ ነው። ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ጎረምሳ ለእናቱ “ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ” ብሎ አይነግርም። ልጅቷም ብትሆን ወንድሞቿ ባሉበት ቤት ማታ ማታ ወደ መጸዳጃ የምትመላለሰው ተደብቃ ነው። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው ዓይን ሲሰረጉድና ከንፈር ሲደርቅ ነው።

ከጅማ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ደዶ በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዴት እንደሚታመም ለማስረዳት የሚመች ወረዳ ነው። የወረዳው ከተማ ሸኪ ይባላል። ደጋው ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር አልፎ ገብስና ስንዴ ያበቅላል፤ ወረድ ሲሉ ቡና፣ በቆሎና እንሰት፣ ከዚያም ቁልቁል ወደ ጎጀብ ሸለቆ የሚወስደው ሞቃት ቆላ ይመጣል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ሲደርስ ለቀማው የትልቁም የትንሹም ሥራ ነው። ተማሪው ቅዳሜና እሑድ ቅርጫት ይዞ ይወጣል፤ ምሳውን እዚያው ባልታጠበ እጅ ይበላል፤ ሲጠማውም በአቅራቢያው ካገኘው ምንጭ ወይም ጅረት ይጠጣል።

ጅረቱ በዚያ ወራት ሌላ ጣጣ አለው። በጅማ አካባቢ እርጥብ ቡና የሚያጥቡ ጣቢያዎች የፈለፈሉትን ቡና ያጠቡበትን ውሃ ወደ ወንዝ ሲለቁት ስኳራማው ፍሳሽ ይቦካል፤ የውሃውንም ኦክስጅን ያሟጥጣል። የጅማ ዩኒቨርሲቲው ዓለማየሁ ሐዲስና ራኒ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ከእንዲህ ያለ ጣቢያ አጠገብ የሚኖሩና የጅረቱን ውሃ ለቤት የሚጠቀሙ ሰዎች ከቆዳ ማሳከክና ከመተንፈስ ችግር ጋር የሆድ ሕመምንም ይናገሩ እንደነበር ጽፈዋል።

ለቀማ ላይ ውሎ የታመመ ልጅ ሁሉ ግን ከጅረቱ ተያዘ ማለት አይደለም። ከሰው ወደ ሰው በእጅ፣ በኩባያና በበር መዝጊያ የሚተላለፈው ኖሮ ቫይረስ በ12 እና በ48 ሰዓት መካከል ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ በ1 እና በ3 ቀን መካከል ይለቃል። ሺጌላ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል። ጃርዲያ ደግሞ ቀስ ብሎ ይገባና ሆድ እየነፋ፣ እያገሳ ሳምንታት ይቆያል። በሽታው የትኛው እንደሆነ ቤት ውስጥ ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ደግነቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለሚደረገው ነገር ማወቁ እምብዛም አያስፈልግም፤ ሁሉም የሚገድሉት በአብዛኛው በአንድ መንገድ፣ ሰውነትን በማድረቅ ነውና።

የጤነኛ ሰው አንጀት በቀን 8 ወይም 9 ሊትር ፈሳሽ ያስተናግዳል። ከዚህ ውስጥ የተጠጣው 2 ሊትር ገደማ ነው፤ የቀረው ምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ ሐሞትና አንጀቱ ራሱ የሚያመነጨው ነው። ይህ ሁሉ መልሶ ወደ ደም ይገባና ከሰገራ ጋር የሚወጣው 100 ወይም 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል። አንጀት ሲቆጣ መምጠጡ ይዳከማል፤ አንዳንዴም ማመንጨቱ ይብሳል። ያኔ ሊትሮቹ መውጫቸው ወደ ታች ነው። ማስመለስ ከታከለበት ደግሞ ወደ ላይም ይሆናል።

45 ኪሎ የሚመዝን ልጅ እንውሰድ። ከክብደቱ 5 ከመቶውን በውሃ ካጣ፣ ማለትም 2 ሊትር ከሩብ ያህል፣ ይጠማዋል፣ ዓይኑ ይሰረጉዳል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። 10 ከመቶ፣ 4 ሊትር ተኩል ሲደርስ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ልጁ ይዝላል፣ ይቃዣል፤ ሕይወቱም አደጋ ላይ ናት። በኮሌራ እዚህ ለመድረስ ግማሽ ቀን ሊበቃ ይችላል። እንግዲህ ቤት ውስጥ ለሚቀርብ መድኃኒት፣ መጠጥና ምክር ሁሉ አንድ ጥያቄ ማንሳት ይቻላል፤ ከወጣው ውሃና ጨው ስንቱን ይመልሳል?

ዛሬ በጥቂት ብር የሚገኘው መልስ ዓለም የደረሰበት በቅርቡ ነው። ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች ተቅማጥ ለያዘው ሰው “አንጀቱ ይረፍ” እያሉ ምግብ ይከለክሉ ነበር፤ ውሃ የሚተኩትም በደም ሥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ክሬን የተባለ አሜሪካዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ፕራግ ላይ በተደረገ ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ በአንጀት ግድግዳ ላይ ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው ብቻ የሚያልፉበት በር አለ፤ እነሱ ሲገቡ ውሃም ተከትሏቸው ይገባል። የሚያስገርመው፣ ይህ በር አንጀቱ በኮሌራ በሚናጥበት ጊዜ እንኳ መሥራቱን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ ዳካ ውስጥ ለኮሌራ ሕሙማን ጨውና ግሉኮስ የተቀላቀለበት ውሃ አጠጥተው፣ በደም ሥር ይሰጥ የነበረውን ፈሳሽ በእጅጉ መቀነስ እንደሚቻል አሳዩ።

ፈተናው የመጣው ከ3 ዓመት በኋላ ነው። በባንግላዴሽ ጦርነት የተሰደዱ ሰዎች በሞሉበት፣ ሕንድ ውስጥ በሚገኘው የቦንጋኦን ካምፕ ኮሌራ ገባ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሕንዳዊ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ እያለቀበት ሲሄድ ጨው፣ ግሉኮስና ቤኪንግ ሶዳ በበርሜል አስበጥብጦ፣ የበሽተኞቹ ቤተሰቦች በኩባያ እየቀዱ እንዲያጠጡ አደረገ። ቀድሞ 30 ከመቶ ገደማ የነበረው ሞት በሱ ካምፕ ወደ 3.6 ከመቶ ወረደ። አስታማሚዎቹ እናቶች፣ አባቶችና ታላላቅ ልጆች ነበሩ፤ ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው በየአልጋው ለማቆም የሚያስችል አቅም አልነበረም።

በኢትዮጵያ ይኸው ቅመም “ሕይወት አድን ንጥረ ነገር” ይባላል፤ ብዙ ሰው ኦአርኤስ ይለዋል፤ ለምለም በሚል ስም የታሸገውም ይታወቃል። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች ሲመድብ፣ ይህን ፓኬት እስከ ጤና ኬላ ማድረስ ከሥራዎቻቸው አንዱ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ቀመሩን ቀጠን አድርጎ አሻሽሎታል። አሁን በ1 ሊትር ውስጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ አለ። እኩል ለእኩል መሆኑ ክሬን ያየውን በር የተከተለ ነው።

አሁን ወደ ማጀት እንግባ። አንድ ሊትር የሚይዝ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ በሳሙና ታጥቦ ይቀርባል። ውሃው ይፈላል። ደጋው ደዶ ላይ እዚህ ጋ አንድ ልዩነት አለ፤ ከ2000 ሜትር በላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ጀርሞቹ በዚህም ሙቀት ይሞታሉ፤ ግን መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ይመከራል፤ ዝቅ ላለ ቦታ 1 ደቂቃ ይበቃል። እንጨት ከሌለ ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መሠረት ጨምሮ መጠበቅ ነው። ውሃው ሲበርድ ፓኬቱ ሙሉ በሙሉ ይገለበጥበታል፤ ጠርሙሱ ይናጣል። ግማሹን ፓኬት ለነገ ማስቀረት፣ ወይም “ይጠንክር” ብሎ ፓኬቱን በአንድ ብርጭቆ ውሃ መበጥበጥ ሁለቱም ጉዳት ናቸው። ጨው የበዛበት ውሃ ጥሙን ያብሳል፤ ሰውነትንም ይጎዳል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም።

ፓኬት በሌለበት ሌሊት 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ልሙጥ ማለት በቢላዋ ጀርባ የተደለደለ እንጂ የተከመረ አይደለም። አስታማሚው ቀድሞ ይቀምሰዋል፤ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ተደፍቶ እንደገና ይሠራል።

የሚጠጣው መጠን የብዙ ቤተሰብ ስህተት ያለበት ነው፤ ለትልቅ ልጅ የሕፃን መጠን ይሰጣል። ከ10 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ የፈለገውን ያህል ይጠጣል። የድርቀት ምልክት ከታየበት ለእያንዳንዱ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ተሰልቶ በ4 ሰዓት ውስጥ ይሰጠዋል። ለዚያ 45 ኪሎ ልጅ ከ3 ሊትር በላይ፣ ማለትም ከሦስት ጠርሙስ የሚያልፍ ነው። አንድ ብርጭቆ አጠጥቶ “ጠጥቷል” ማለት አይበቃም።

“የሚጠጣውን ሁሉ ያስመልሰዋል” የሚለው ቅሬታ ከዚህ ይከተላል። የተራበና የተጠማ ጎረምሳ ኩባያውን ባንድ ትንፋሽ ሲገለብጠው፣ የተወጠረው ጨጓራ ይመልሰዋል። መላው 10 ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ መጀመር ነው፤ በየሁለትና ሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ፣ ከዚያ አንድ ጉንጭ፣ ከዚያ ሁለት። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። አብሮት የሚቀመጥ ታናሽ ወንድም ወይም እህት፣ ሰዓት የሚቆጥር ስልክ፣ የሚያወራ ጎረቤት ካለ ግን አራቱ ሰዓት ያልፋል። ከሚያስመልሰው የሚበልጠው ሆዱ ውስጥ ይቀራል።

ስለ ሌሎቹ መጠጦችም ያንኑ ጥያቄ ማንሳት ይጠቅማል። ለስላሳ መጠጥ ስኳሩ ብዙ፣ ሶዲየሙ ጥቂት ነው፤ ያ ሁሉ ስኳር አንጀት ውስጥ ውሃ ይስብና ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል፤ ሚሪንዳም ኮካም ያው ናቸው። ባዶ ውሃ ጥም ይቆርጣል፤ ጨው ግን አይመልስም። ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ በቡና አገር የሚታወቀው የተቆላ ቡና ዱቄት በማር፣ እነዚህ ሁሉ በማንኪያ የሚወሰዱ ናቸው፤ ጥቅም ቢኖራቸው እንኳ የወጡትን ሊትሮች አይተኩም።

የደዶ ገብስ ግን ከዚህ የተሻለ ወሬ አለው። ቀጠን ብሎ የተሠራ፣ ትንሽ ጨው ያለበት የገብስ አጥሚት ወይም የሩዝ ውሃ ሰውነትን በደንብ ያጠጣል። ስታርቹ አንጀት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ግሉኮስ ስለሚፈርስ፣ ሶዲየምን ይዞ የሚገባው በር ሥራ አያጣም። አያቶች ለታመመ ሰው አጥሚት ሲያቀርቡ የኖሩት የሮበርት ክሬንን ስም ሳይሰሙ ነው።

ምግብም አይቋረጥም። ማስመለሱ ጋብ ሲል ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ለስለስ ያለ ገንፎ፣ አልጫ በእንጀራ ይሞከራል። ቅቤና በርበሬ የበዛበት ለሁለት ቀን ቢቆይ ይሻላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመድኃኒት ቤቱ ጉዞ ነው። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ሁለት ጊዜ እንደተቀመጠ “አሜባ ነው” ብሎ ሜትሮኒዳዞል ይገዛል። ሰገራ ቢመረመርም ነገሩ ሁልጊዜ አይለይም። በሽታ የሚያመጣው ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካና ጉዳት የሌለው ኢንታሜባ ዲስፓር በአጉሊ መነጽር ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሳይንስ እንደ ሁለት ፍጥረት ተለይተው የተጻፉትም እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ሜትሮኒዳዞል ደግሞ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይተዋል፣ ያቅለሸልሻል፤ የሚያስመልሰውን ልጅም ማንኪያውን ይበልጥ እንዲጠላ ያደርገዋል። በቫይረስ ላይም ምንም አይሠራም።

“ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘበት” የሚለው ወረቀትም የታወቀ ነው። የታይፎይዱ ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው፤ የሚለካው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን መከላከያ ነው። በሽታው በሰፈነበት አካባቢ የኖረ ልጅ ከዓመት በፊት የተጋለጠበት አሻራ ዛሬ ሊታይ ይችላል። አንድ ጊዜ በተወሰደ ደም ብቻ የዛሬውን ከትናንቱ መለየት ይከብዳል። ታይፎይድ ራሱም በአንድ ሌሊት ከሚጀምር ተቅማጥ ይልቅ ቀን በቀን እየጨመረ የሚሄድ ትኩሳት ነው።

ግሉኮስ ማሰካትም እንደ ትልቅ ሕክምና ይቆጠራል። መጠጣት ለሚችል ልጅ አያስፈልግም። በጣም ለደረቀው ደግሞ ባዶ ግሉኮስ ጨው ስለሌለው አይበቃም፤ ጤና ጣቢያው የሚመርጠው ሪንገር ላክቴት የሚባለውን ነው።

አንዳንዱ ሕመም ግን ተቅማጥ መስሎ የሚመጣ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ከቡና ለቀማው ጋር ይገጥማል። ከደጋ ወርዶ ቆላ ያደረ ልጅ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ከያዘው የወባ ምርመራ ሳይደረግለት “ሆዱ ነው” ተብሎ ሊተኛ አይገባም። ትርፍ አንጀትም በጉርምስና ዕድሜ የተለመደ ነው። ሕመሙ እምብርት አካባቢ ይጀምርና ወደ ታችኛው ቀኝ ጎን ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ቁርጠቱ ቀድሞ ማስመለሱ ይከተላል፤ ልጁ ሲራመድም ሲያስልም ያመዋል። ይህ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ስለሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን ወደ መሰለ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውሃ በብዛት የሚያስቀምጠው፣ እግሩን ቁርጥማት የያዘው ልጅ አተት ወይም ኮሌራ ሊሆንበት ስለሚችል ሰዓት አይሰጠውም። ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ማንኪያ እንኳ የማያስቀር ትውከት፣ 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት አለመሽናት፣ መቃዠት፣ ሲቆነጠጥ ቀስ ብሎ የሚመለስ ቆዳ፣ ከሁለት ቀን በላይ የሚቆይ ትኩሳት ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስኬዱ ናቸው። መኪና እስኪገኝም ሆነ መንገድ ላይ ጠርሙሱ ከእጁ አይለይም። ተቅማጥ የሚያቆም እንክብል፣ ሎፔራማይድ የሚባለው፣ ደምና ትኩሳት ባለበት አይሰጥም፤ መውጣት ያለበትን ያስቀረዋልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልጁን ማናገር ይቀድማል። እናቱን የሚያፍር ጎረምሳ ለአጎቱ ወይም ለታላቅ ወንድሙ ይናገራል፤ ልጅቷም ለአክስቷ። ጥያቄው ስለ ሰገራ መሆን የለበትም፤ “ሽንትህ ምን ይመስላል? ስንት ጊዜ ሸናህ?” ብሎ መጀመር ይቀላል፤ ብዙ የሚናገረውም ሽንቱ ነው። ነጣ ያለና ብዙ ከሆነ ውሃው እየገባ ነው። ሻይ ከመሰለ ወደ ማንኪያው መመለስ ነው። ብዙ ልጆች ሌሊት ወደ ጓሮ ላለመውጣት ብለው መጠጣት ያቆማሉ። አልጋው አጠገብ ክዳን ያለው ፖፖ ወይም ባልዲ፣ የእጅ ባትሪና የመታጠቢያ ውሃ ማስቀመጥ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

ረመዳን ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ትግል አለ። ጓደኞቹ ሁሉ ሲጾሙ ብቻውን ማፍረስ የሚያሳፍረው ልጅ፣ ደርቆም ቢሆን እስከ ማግሪብ ልቆይ ይላል። በእስልምና ሕግ የታመመ ሰው ጾሙን አፍርሶ ሲድን ይከፍለዋል፤ ይህን ከአባቱ ወይም ከሚያከብራቸው የመስጊድ ሸኽ አፍ ቢሰማው ይቀበላል። የኦርቶዶክስ ጾም ላይ ያለች ልጅም ከንስሐ አባቷ የምትሰማው ከዚህ አይርቅም።

ሕመሙን ያመጣው ኖሮ ቫይረስ ከሆነ፣ ተቅማጡ ሲቆም ቫይረሱ ከሰውነት አልወጣም፤ ለቀናት ከሰገራ ጋር መውጣቱን ይቀጥላል። በኖሮ ቫይረስ ለመያዝ ደግሞ ከመቶ ያነሱ ቅንጣቶች ይበቃሉ። በአልኮል የሚሠራው የእጅ ማጽጃ እምብዛም አይበግረውም፤ የሚያወርደው ሳሙናና የሚፈስ ውሃ ነው። ስለዚህ ልጁ ከመጨረሻው ተቅማጥ በኋላ 48 ሰዓት ከትምህርት ቤት ይቀራል፤ ኩባያው ለብቻው ይሆናል፤ እንጀራ አይጋግርም፣ ሽንኩርት አይከትፍም፣ ለእንግዳም ቡና አያቀርብም። የቆሸሸው ወለል በበረኪና ይታጠባል። ወደ ለቀማ ሲመለስም የፈላ ውሃ የሞላ ጠርሙስና ቁራጭ ሳሙና ቅርጫቱ ውስጥ ይገባሉ፤ የጅረቱን ውሃ ደግሞ ቢያንስ ቡና የሚታጠብበት ወቅት እስኪያልፍ ባይነካው ይመረጣል።